ከኤሊስ ደሴት እስከ ላምፔዱሳ፦ የስደት ዘጋቢ ፊልምና ጠያቂዎቹ

ጁላይ 24 ቀን 1903 የኤዲሰን ኩባንያ የካሜራ ባለሙያ አልፍሬድ አባዲ ኒው ዮርክ ወደብ በሚገኘው የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ካሜራውን ተከለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀረጸው ፊልም ከጥቂት ደቂቃ የማያልፍ፣ ድምፅ አልባ ነው። ሰው የሞላባት በእንፋሎት የምትሄድ ጀልባ ወደቡን ትጠጋለች፤ መሸጋገሪያው ይዘረጋል፤ መንገደኞቹ ጓዛቸውን ይዘው እየተግተለተሉ ይወርዱና በካሜራው ፊት ያልፋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊልሙ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መዝገቡ የቀራጺውን ስም፣ የተቀረጸበትን ቀን፣ የጀልባይቱን ስም ሳይቀር ይዟል፤ «ዊሊያም ማየርስ» ትባላለች። ከወረዱት ሰዎች ግን የአንዱም ስም የለም። ከየት መጣችሁ፣ ማን አሻገራችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ ብሎ የጠየቃቸውም አልነበረም። ስለ ድንበርና ስለ ስደት የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ታሪክ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን በካሜራ መሻሻል ወይም በታላላቅ ዳይሬክተሮች ስም ተራ ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ በጠያቂው በኩል መከተል ይሻላል እላለሁ። ከስደተኛው ፊት ለፊት የተቀመጠው ማን ነው? በምንስ ቋንቋ ጠየቀው? ጠያቂው ሲለወጥ ጥያቄው ይለወጣል፤ ጥያቄው ሲለወጥ ደግሞ ሐዘኔታ ብቻ ይቀሰቅስ የነበረው ፊልም ማስረጃ መሆን ይጀምራል።

የእኛም ሕዝብ ከካሜራ ጋር ያለው ትውውቅ የጀመረው በተጠያቂነት እንኳ አልነበረም። ሙሶሊኒ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር፣ ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ብቻ የተመደበ የፎቶና የፊልም ክፍል አቋቁሞ ከጦሩ ጋር አዝምቷል። የዚያ ክፍል ፊልሞች ኢትዮጵያዊውን ያሳዩታል እንጂ አያናግሩትም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በኦክቶበር 1984 መሐመድ አሚን ቀርጾት ማይክል ቡርክ ለቢቢሲ ያቀረበው የኮረም ዘገባ ወጣ። ከቀዬው ተፈናቅሎ በሜዳ የሰፈረው ሕዝብ በዓለም ሁሉ ታየ። ዘገባው እህል አስመጥቷል፣ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ሐተታውን የሚሰጠው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘጋቢ ነው፤ ከተራበው ሰው አንደበት የምንሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ለምን እንደተፈናቀለ፣ ማን እንዳፈናቀለው፣ እህሉ የት እንደቀረ ቢጠየቅ የሚመልሰው ብዙ ነገር ነበረው። ይህ የቀረጻ ልማድ ረሀብተኛውንም ስደተኛውንም አንድ አድርጎ አቆየው፤ ሁለቱም የሚታዩ እንጂ የሚሰሙ አልነበሩም።

ይህ ልማድ በግልጽ ከተሰበረባቸው ቦታዎች አንዱ ሮም ነው፤ የሰበረውም ፊልም በአብዛኛው የሚናገረው በአማርኛ ነው። ዳግማዊ ይመር አዲስ አበባ ሕግ የተማረ ወጣት ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ በመጣው ቀውስ ጊዜ አገሩን ለቆ፣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ጁላይ 30 ቀን 2006 የጣልያን ደሴት ወደሆነችው ላምፔዱሳ ደረሰ። ሮም ውስጥ አሲኒታስ የተባለ ማኅበር ለስደተኞች ጣልያንኛ ያስተምር ነበር፤ እዚያው ዛላብ የተባለ የፊልም ሠሪዎች ስብስብ የቪዲዮ ሥልጠና ሲሰጥ ዳግማዊ ካሜራ ያዘ። በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር ሆኖ «እንደ ሰው በምድር ላይ» የተባለውን የአንድ ሰዓት ፊልም አወጣ። ፊልሙ በውጫዊ መልኩ ቀላል ነው። በዚያው መንገድ የመጡ ወንዶችና ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ ትይዩ ደግሞ በዚያው መንገድ የመጣ ሰው ተቀምጦ ይጠይቃቸዋል።

የጥገኝነት ጠያቂ ጉዳይ የሚመረምር የአውሮፓ ባለሥልጣን የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ከአገርህ ወጣህ?» የሚል ነው። ሕጉ የሚፈርደው በዚያ ጥያቄ መልስ ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ግን ይህንኑ ጥያቄ ከቢሮው ወርሶ ሲደጋግመው ኖሯል። ዳግማዊ የመውጣትን ነገር በራሱ ስለሚያውቀው ወሬውን የሚጀምረው ሌላው በሚጨርስበት ቦታ ነው። ከየትኛው ከተማ ወደ የትኛው ተወሰድሽ? የጫነሽ መኪና ምን ዓይነት ነው? ከእስር ቤት ማን አወጣሽ፣ ለማንስ አስረከበሽ? መልሱ እየተደራረበ ሲመጣ አንድ ሥርዓት ይታያል። በባሕሩ ዳር የተያዙት ሰዎች በብረት ኮንቴነር ታጭቀው፣ ያለ አየርና ያለ ውኃ ለብዙ ሰዓታት እየተጓዙ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ በረሃ ወደምትገኘው ኩፍራ ይወሰዳሉ። ኩፍራ እስር ቤት አለ። ከእስር ቤቱ ፖሊሱ ራሱ ለደላላ ይሸጣቸዋል፤ ዋጋው በሰው ራስ በዲናር ይቆጠራል። ደላላው ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ያግትና መልሶ ወደ ባሕር ዳርቻ ይነዳቸዋል። እዚያ እንደገና ይያዛሉ፣ እንደገና ኮንቴነር፣ እንደገና ኩፍራ። ይህን ክብ ደጋግመው የዞሩ ሰዎች አሉ። በውጭ ጋዜጠኛ ፊት አንድ ሰው ይህን ቢናገር የአንድ ምስኪን መከራ ሆኖ ይቀር ነበር። መንገዱን በሚያውቅ ጠያቂ ፊት ብዙ ሰው አንዱ የሌላውን እየደገፈ ሲናገር ግን የንግድ መስመር ካርታ ይወጣዋል።

ካርታው በወረቀት ላይም ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 መጨረሻ ወደ ሊቢያ የላከው የቴክኒክ ቡድን ባዘጋጀው ሪፖርት፣ ጣልያን ስደትን ለመግታት ለሊቢያ የሰጠቻቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። ስደተኞችን ወደየአገራቸው የሚመልሱ የኮንትራት አውሮፕላን በረራዎች፣ የጎማ ጀልባዎች፣ ፍራሾች፣ ብርድ ልብሶች፣ በጨለማ የሚያሳዩ መነጽሮች፤ ከእነዚህም ጋር 1,000 የአስከሬን ከረጢቶች። ይህን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ምን እንደሚደርስ አላውቅም ሊል አይችልም። የወረቀቱ ዝርዝርና የኩፍራ ምስክሮች ቃል አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚገለጠው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ግማሽ ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ ኦገስት 30 ቀን 2008፣ ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒና ሙአመር ጋዳፊ ቤንጋዚ ላይ የወዳጅነት ውል ፈረሙ። ጣልያን ለቅኝ ግዛት ዘመን በደል ካሣ በ20 ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ልታወጣ ቃል ገባች፤ ውሉ ስደተኞችን በጋራ የመከላከል ድንጋጌም ነበረው። የአንዱ የቀድሞ ቅኝ ግዛት ካሣ የሌላውን የቀድሞ ቅኝ ግዛት ልጆች፣ ኤርትራውያንንና ሶማሊያውያንን፣ ለማገቻ የሚረዳ ውል ሆነ ማለት ነው። ጣልያን አምስት ዓመት የያዘቻት የኢትዮጵያ ልጆችም አልቀሩም። የታሪክ ምፀት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ አለ። መከራውን የቀመሰ ሰው እንዴት ገለልተኛ ጠያቂ ይሆናል? ቂም ይዞ የሚጠይቅ የሚፈልገውን መልስ ብቻ ያገኛል፤ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ርቀት ይፈልጋል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልስ የሚያገኘው ግን የምስክሮቹን ቃል ከፊልሙ ውጭ በሌላ መርማሪ በማስፈተን ነው። ፈተናው መጥቷል። ሜይ 6 ቀን 2009 የጣልያን መርከቦች ከላምፔዱሳ በስተ ደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ 200 ያህል ሰዎችን ከያዙ በኋላ፣ ማንነታቸውን ሳያጣሩ፣ ወዴት እንደሚወስዷቸውም ሳይነግሯቸው ትሪፖሊ አስረከቧቸው። ከእነዚህ 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን ጉዳዩን ወደ ስትራስቡርግ ወሰዱት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በሙሉ ድምፅ ፈረደ። ጣልያን ሰዎቹን ለጭካኔ አያያዝ አጋልጣ ሰጥታለች፤ የተከለከለውን የጅምላ ማባረርም ፈጽማለች። ለአመልካቾቹም ለእያንዳንዳቸው 15,000 ዩሮ እንድትከፍል ተወሰነባት። ዳኞቹ ስለ ሊቢያ እስር ቤቶች የተቀበሉት ሥዕል ከአራት ዓመት በፊት በአማርኛ ከተነገረው ጋር የሚገጥም ነበር። በዚያው ዓመት ሴግሬ ከጋዜጠኛው ስቴፋኖ ሊቤርቲ ጋር «የተዘጋው ባሕር» የተባለውን ፊልም ያወጣው ከባሕር የተመለሱትን እነዚያን ሰዎች አፈላልጎ ነው። ቂም ያለበት ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም፤ የተበደለ ሰው የበደሉን ዝርዝር ከማንም ይበልጥ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ፊልም ምን ፈየደ? «እንደ ሰው በምድር ላይ» ታይቶ፣ ተወርቶ፣ ምርመራ ይደረግ የሚል ፊርማ ተሰብስቦ ሲያበቃ በዓመቱ ሰዎች ከባሕር ላይ ተመለሱ። ከስትራስቡርግ ፍርድ አምስት ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2017፣ ጣልያን ከሊቢያ ጋር ሌላ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች፤ ስደተኛውን ከባሕር የመመለሱ ሥራ ለሊቢያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ተላለፈ። ፊልሞቹ ይህን አላስቀሩም፣ ሊያስቀሩም አይችሉም ነበር። ነገር ግን የፊልምን ዋጋ በሚቀጥለው ወር በወጣው ፖሊሲ ብቻ የሚመዝን ሰው የታሪክ መዝገብን ዋጋ አላሰበውም። በ2011 የሆነውን እንውሰድ። በማርች መጨረሻ 72 ሰዎችን የጫነች የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሣች፤ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የኔቶ መርከቦችና አውሮፕላኖች ባሕሩን በሞሉበት በዚያ የጦርነት ወቅት፣ ሰዎቹ ሮም ለሚኖሩት ለኤርትራዊው ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ በሳተላይት ስልክ ደውለው ድረሱልን አሉ፤ መልእክቱም ለጣልያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ተላለፈ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት ጥሎላቸው ሄደ። አንድ የጦር መርከብ ቀረባቸውና ተመለሰ። ሁለት ሳምንት በባሕር ተንሳፍፈው ማዕበል መልሶ ሊቢያ ዳርቻ ጣላቸው፤ በጠቅላላው 63 ሰው አለቀ፤ የተረፉት ዘጠኝ ናቸው። ቻርልስ ሄለርና ሎሬንዞ ፔዛኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የተራፊዎቹን ቃል ከሳተላይት ምስልና ከባሕር ሞገድ ስሌት ጋር አገናኝተው የጀልባዋን መንገድ መልሰው ሠሩት፤ በ2014ም በአጭር ፊልም አቀረቡት። ፊልሙ ላይ የሰው ፊት የለም፤ ባሕርና መስመሮች ብቻ ናቸው። በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የቀረበውን ክስ የደገፈው ያ ሥራ ነው። ያለ ተራፊዎቹ ትዝታ ግን መስመሮቹ የሚነሡበት አልነበራቸውም።

የውጭ ሰው የሠራው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳልሆነ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጃንፍራንኮ ሮሲ ላምፔዱሳ ላይ ከዓመት በላይ ኖሮ የሠራው «ፉኦኮአማሬ» በ2016 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ ሽልማት አግኝቷል፤ በጥበብ ደረጃ ከሁሉም የሚልቅ ሊሆን ይችላል። የደሴቲቱ ልጅ በወንጭፍ ሲጫወት፣ የደሴቲቱ ሐኪም ያያቸውን አስከሬኖች ሲናገር፣ ስደተኞቹ ደግሞ ከጀልባ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ፍተሻ ሲያልፉ እናያለን። ልብ ብሎ ለሚያይ ግን አንድ ነገር ይደንቃል። የልጁን የዓይን ሕመም ሳይቀር እናውቃለን፤ ከተጓዦቹ ግን የአንዱንም ኑሮ አናውቅም። ከፊልሙ ሁሉ ኃይለኛ የሆነው ክፍል አንድ ናይጄሪያዊ ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ ስለ በረሃው፣ ስለ ሊቢያ እስር ቤትና ስለ ባሕሩ እንደ ለቅሶ እንደ ጸሎት የሚያዜምበት ነው። እዚያ ላይ ሮሲ አይጠይቅም፣ አያቋርጥም፤ ካሜራውን ይዞ ዝም ይላል። ታላቁ ፊልም ከፍታው ላይ የሚደርሰው ዳይሬክተሩ ቦታ በለቀቀበት ደቂቃ መሆኑን የእኔን ሐሳብ እንደሚደግፍ አድርጌ እወስደዋለሁ። ዳግማዊ ራሱ በ2011 ያወጣው «ባሕር ብቻ» ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ወደ ላምፔዱሳ ተመልሶ የሚጠይቀው የደሴቲቱን ነዋሪዎች ነው፤ ኑሯችሁ እንዴት ነው፣ መንግሥት ያስታውሳችኋል ወይ ይላቸዋል። በጎማ ጀልባ የመጣ እንግዳ ባለአገሩን ሲጠይቅ ባለአገሩም የራሱን ብሶት ይነግረዋል።

ካሜራውን ለስደተኛው መስጠት ብቻውን በቂ ነው የሚለው ግን የዋህነት ነው። በ2016 የወጣው «ዘላዮቹ» ይህን በሐቀኝነት ያሳያል። ሁለት አውሮፓውያን ፊልም ሠሪዎች የስፔን ግዛት ከሆነችው ከሜሊላ አጥር በላይ ባለው የሞሮኮ ጉሩጉ ተራራ ለሰፈረው ማሊያዊ አቡ ባካር ሲዲቤ ካሜራና ገንዘብ ሰጡት። እሱም መጀመሪያ ካሜራውን ለመሸጥ አስቦ እንደነበር፣ ኋላ ግን መቅረጹ እየጣመው እንደመጣ በፊልሙ ውስጥ ይናገራል። በመሐል በመሐሉ የአጥሩ ጠባቂዎች የሙቀት ካሜራ የቀረጸው ምስል ይገባል፤ ሰዎች በጨለማ እንደ ነጭ ነጥብ ተሰልፈው ሲወርዱ ይታያል። አርትዖቱ፣ ገንዘቡና የፌስቲቫሉ በር ግን በአውሮፓውያኑ እጅ ነበሩ፤ በሮሙም ፊልም ሁለቱ አጋሮች ጣልያናውያን ናቸው። ይህ ጥገኝነት እውነተኛ ድክመት ነው፣ አልሸፋፍነውም። ቢሆንም ሲዲቤ በዳይሬክተርነት ስሙ ተጽፏል፤ የኤሊስ ደሴት መንገደኞች ያላገኙት ይህን ነው።

ካሜራ ደግሞ በክፉ እጅም ይገባል። ሲናይ በረሃና ሊቢያ ውስጥ አጋቾች ታጋቹን እየደበደቡ በስልክ ለቤተሰብ ማሰማት፣ ቆይቶም ቀርጾ መላክ የገቢ ምንጫቸው አድርገውታል። ኬረን ሻዮ በ2013 የሠራችው ፊልም የሚከተለው ስቶክሆልም ተቀምጣ የሲናይ ታጋቾችን ጥሪ በሬዲዮ የምታሰማውን ኤርትራዊት ጋዜጠኛ ሜሮን እስጢፋኖስን ነው፤ ያንኑ የስቃይ ጥሪ አጋቹ ላላሰበው ዓላማ አዋለችው። በኤፕሪል 2015 ደግሞ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ የያዛቸውን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገድል ቀርጾ ለቀቀ። በሊቢያ ያለፉ ኢትዮጵያውያንን ካሳዩ ምስሎች ሁሉ በአገራችን ብዙ ሰው ያየው ምናልባት ያንን ነው፤ ገዳዮቹ የሠሩትን። ስለዚህ ካሜራውን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የፊልም ተማሪዎች ክርክር ብቻ አይደለም።

ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከሚስራታ የተነሣች ከ500 በላይ ሰው የጫነች መርከብ ላምፔዱሳ አጠገብ ሰጠመች። ከ360 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የጣልያን ጠቅላይ ሚኒስትር ለሞቱት ዜግነት እንደሚሰጥ ሲናገሩ የተረፉት 155 ሰዎች ያለ ፈቃድ በመግባት እየተመረመሩ ነበር። የሬሳ ሣጥኖቹ ላይ ቁጥር ተጻፈ፤ አግሪጄንቶ ላይ በተደረገው ይፋዊ የሐዘን ሥነ ሥርዓትም ሣጥኖቹም ተራፊዎቹም አልነበሩም። ዳግማዊ በ2015 በሠራው «አስማት» በተሰኘ አጭር ፊልም ያደረገው ነገር የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ማስጠራት ነው። ስም ይጠራል፣ ሌላ ስም ይጠራል፣ ተመልካቹ ያልቃል ብሎ ሲጠብቅ ይቀጥላል። የውጭ ተመልካች ሊሰለቸው ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሙት በስሙ ሲነሣና ሲለቀስለት መኖሩን ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እነዚህን ፊልሞች የሚያሰባስበውና በ2012 ሮም የተቋቋመው የስደተኞች ትዝታ መዝገብም ከመሥራቾቹ አንዱ የወለጋንና የቤንሻንጉልን ታሪክ ያጠኑት አለሳንድሮ ትሪዩልዚ ናቸው። የቃል ታሪክ መሰብሰብን ወለጋ ላይ የሠሩበት ምሁር እርጅናቸው ላይ ሮም ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማዋላቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

የሰሜኑ መንገድ እንዲህ ሰነዱን አግኝቷል። የምሥራቁ ግን እጅግ ወደ ኋላ ቀርቷል። በኦቦክና በቦሳሶ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ወገናችን በቁጥር ከሜዲትራኒያኑ ይበልጣል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ቦሌ ወርደዋል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ተመልሰዋል። እንደ ሮሙ ፊልም ተመላሽ ተመላሽን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ እየጠየቀ የሠራውና ከአገር አልፎ የታወቀ ሥራ ግን መጥቀስ ይቸግራል። የሠለጠነ ባለሙያ አንሶን አይደለም፤ ካሜራውም በየኪሱ አለ። የፊልም ትምህርት ቤቶቻችን፣ ወመዘክርና የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍሎች ወሎ፣ ሐረርጌና ጅማ ያሉትን ተመላሾች ራሳቸውን አሠልጥነው እርስ በርስ ያስጠይቋቸው፤ የየመኑ ጀልባ ከየት እንደተነሣ፣ ገንዘቡን ማን እንደተቀበለ፣ ድንበሩ ላይ ማን እንደተኮሰ ሰዎቹ ሳይረሱት ይመዝገብ።